«መረጃ» እና «ማስረጃ»፦ የወንጀል ሙግት ቃላት ታሪክ ከአፈርሳታ እስከ ችሎት

በወንጀል ሙግት ከሚሠራባቸው የአማርኛ ቃላት መካከል «ማስረጃ» የሚለውን ያህል አዘውትሮ የሚነሣ፣ የዚያኑም ያህል ፍችው የሚዛነፍ ቃል ያለ አይመስልም። በጋዜጣና በራዲዮ፣ አልፎ ተርፎም በምርመራ መዝገብ ውስጥ «መረጃ» እና «ማስረጃ» አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ እናያለን። ነገሩ የአጻጻፍ ግድፈት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአራሚ በተውነው ነበር። ይሁን እንጂ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው ታስሮ እንዲቀር ወይም ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ ቃላቱ እንዴት እንደ መጡና ምን ዐይነት የፍርድ ልማድ ተሸክመው እንደ መጡ በታሪክ መንገድ መመርመር ተገቢ ሆኖ ታይቶናል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት እንዲመቸን ወደ ራያ ቆላ እንውረድ። ጎብዬ በሰሜን ወሎ፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አቀንጭራን ለሚቋቋም የማሽላ ዝርያ ስሟ መሰጠቱን የእርሻ ሰዎች ያውቃሉ። እንበልና በዚያ አገር ማሽላው በሚታጨድበት ወራት የአንድ ገበሬ በሬ በሌሊት ከበረቱ ተነዳ። ሲነጋ ዱካው ወደ ማዶ መንደር ሲያመራ ታየ። አንዲት ሴት፣ የባሏ ወንድም የእገሌን ልጅ በሬ ሲነዳ አይቶታል ሲባል መስማቷን ተናገረች። የተጠረጠረውም ልጅ ከዚህ ቀደም በእንዲህ ያለ ነገር ስሙ ይነሣ ነበር። እነዚህ ሁሉ ለባለ በሬው መረጃዎች ናቸው። እርሱ በልቡ ነገሩን ተረድቷል፤ ሌባውንም ያወቀው ይመስለዋል። ከእነዚህ ውስጥ ግን ቆቦ በሚገኘው የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ማስረጃ ሆኖ የሚቆመው የትኛው ነው? ምናልባት ዱካው ብቻ፤ እርሱም ያየው ሰው ቀርቦ ከመሰከረ ነው።

ይህን ልዩነት ሰዋስው ራሱ ያስቀመጠው ነው። «መረጃ» በቀጥታ ከ«ረዳ» ግንድ የወጣ የመሣሪያ ስም ሲሆን፣ ሰው ራሱ አንድን ነገር የሚረዳበት ማለት ነው። «ማስረጃ» ግን «አስረዳ» ከሚለው አስደራጊ ግሥ የተገኘ ነው፤ ይኸውም ሌላውን ሰው፣ ያላየውንና ያልሰማውን፣ እንዲረዳ የሚያደርጉበት ማለት ነው። በ«መረጃ» ጊዜ የሚረዳው ባለጉዳዩ ነው፤ በ«ማስረጃ» ጊዜ ደግሞ የሚረዳው ዳኛው ነው። የማስረጃ ሕግ የሚባለው ነገር ሁሉ «አስ» በምትለው ባዕድ መነሻ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ብንል ብዙ አላጋነንንም። ከዚሁ ቤተሰብ «አረዳ» እና «መርዶ» የሚሉትም አሉ። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎችን ልኮ፣ ሰዓት መርጦ፣ በሥርዐት የሚነገር ነገር ነው፤ ማንም ሰው በመንገድ ላይ አይጥለውም። ማስረጃም እንደዚሁ ሥርዐት ያለው ነገር መሆኑን ከቃሉ ዝምድና ልናስታውስ እንችላለን።

የጥንቱ የወንጀል ምርመራ ግን በዚህ መንገድ ብቻ የሚሄድ አልነበረም። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር በአንዳንዱ አገር አፈርሳታ፣ በሌላውም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዐት ይከናወን ነበር። «አውጫጭኝ» ከ«አወጣ» የተገኘ ሲሆን፣ የተደበቀውን ነገር እርስ በርስ አውጡ ማለት ነው። የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤትና ወደ እርሻ መመለስ የለም። በስተመጨረሻ ሌባው ካልወጣ የጠፋውን ንብረት ሕዝቡ በነፍስ ወከፍ ተካፍሎ ይከፍላል። በሬ ለጠፋበት ሰው ይህ መልካም ሥርዐት ነበር፤ ካሣውን ከአንዱ ወይም ከሁሉ ያገኛልና። ማሽላው በአውድማ ላይ ተዘርግቶ ወፍ እየበላበት ሦስትና አራት ቀን በሜዳ ለሚውለው ንጹሕ ገበሬ ግን ከባድ ግብር ነበር።

ወፍ ካልን ዘንድ፣ በአፈርሳታ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የቃላት ተመራማሪን የሚስበው ይህ ቃል ነው። በስብሰባው ፊት እገሌ ሰርቋል ብሎ መናገር ቂምን ያስከትላል፤ ቂሙም ወደ ደም ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምስጢር ይነግራል፤ እነርሱም የነገራቸውን ሰው ስም ሳይጠሩ ነገሩን ያቀርባሉ። ይህ ስሙ የማይጠራ ነጋሪ «ወፍ» ይባል ነበር። ስያሜው ውብ ነው፤ ወፍ በሰማይ ትበራለች፣ ሁሉን ታያለች፣ ቤቷ ግን አይታወቅም። ውበቱ ግን ሌላውን ገጽታ ሊጋርድብን አይገባም። ወፍ መረጃ ታመጣለች እንጂ ማስረጃ አታመጣም። የተጠቆመው ሰው «ከየት ሆነህ አየኸኝ? ጨረቃ ነበረ ወይ? ከእኔ ጋር የወሰን ጠብ የለህም ወይ?» ብሎ ሊጠይቃት አይችልም።

ሌላው የምርመራ መንገድ «ሌባ ሻይ» ነበር፤ ሌባን የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው። አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ጠጥቶ ወይም አጢሶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የገባበት ቤት ወይም የወደቀበት ደጅ የሌባው ነው ይባላል። ይህ ልማድ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ጭምር ይሠራበት ስለ ነበር በዘመኑ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች በመገረም ጽፈውበታል። ብዙ የምንልበት አይደለም። ቃሉን በመዝገበ ቃላት ውስጥ ማቆየት ግን ግዴታችን ነው፤ ዛሬ «ሻይ» የሚለውን ሲያይ የሚጠጣው ትዝ የሚለው ወጣት ብዙ ነውና።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ፊት ለፊት የሚደረግ ሙግት ነበር፤ እርሱም ከወፏ ፍጹም የተለየ ነው። በዚህ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ በቃል ይፋለማሉ። በግዕዝ «ጠየቀ» መረመረ፣ አረጋገጠ ማለት ሲሆን «ጥዩቅ» ደግሞ የተረጋገጠ፣ እርግጥ የሆነ ማለት ነው። መጠየቅና ማረጋገጥ ከአንድ ሥር መብቀላቸው የአገሩ ሰው ስለ እውነት የነበረውን አስተያየት ያሳያል፤ ያልተጠየቀ ነገር የተረጋገጠ አይደለም። ተሟጋቾች ለቃላቸው እውነትነት በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ አንዱ «እሰጥ» ሲል ሌላው «አገባ» ይላል። ዛሬ ማንኛውንም ንትርክ «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያ የተረፈን ነው። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ የሚታሰሩበት «ቁራኛ»ም እንደዚሁ ከእስራትነቱ ወጥቶ «በዐይነ ቁራኛ መጠበቅ» በሚለው ፈሊጥ ብቻ ይኖራል።

በዚህ ሙግት ምስክር «ይቆጠራል»፤ ማለት ባለጉዳዩ የምስክሮቹን ስም አስቀድሞ ያስመዘግባል። ባላጋራውም ምስክሩ ከመሰማቱ በፊት ዝምድና ወይም ጠብ እንዳለው ተናግሮ ሊቃወመው ይችላል። ፍትሐ ነገሥትም ከብሉይ ኪዳን የወረሰውን ደንብ ተከትሎ በአንድ ሰው ቃል ብቻ እንዳይፈረድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዲቆም ያዛል። በራያ ከክርስቲያኑ ጋር ተጎራብቶ የሚኖረው ሙስሊም በሸሪዓው ሥርዐት የሚያውቀው የምስክር ቁጥርም ከዚህ የራቀ አይደለምና፣ የሁለት ምስክር ነገር በዚያ አገር ለማንም እንግዳ አልነበረም።

ከዚህ ላይ ስለ ምስክርነት ቃላት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ግዕዝ ለምስክርነት «ስምዕ» ይላል፤ «ሰማዕት»ም ከዚያው ነው። ሁለቱም ከ«ሰምዐ» የወጡ ናቸው፤ የሰማ ሰው መሰከረ ማለት ነው። አማርኛ ደግሞ ከዚያው ሥር «ስሚ ስሚ» የሚለውን አወጣ። አንዱ ሥር በአንድ በኩል ለእምነቱ አንገቱን የሰጠውን ሰማዕት፣ በሌላ በኩል ዳኛ የማይቀበለውን የመንደር ወሬ ሰጠን። የሕግ ሰዎቻችን በውጭ ቋንቋ የሚያውቁትን ደንብ ለመሰየም አዲስ ቃል ሳይፈጥሩ «የስሚ ስሚ ማስረጃ» ማለታቸው በበኩላችን ከተሳኩት ስያሜዎች አንዱ ነው እንላለን። የጎብዬዋ ሴት የባሏ ወንድም አየ ሲባል መስማቷን ስትናገር፣ ቃሏ ለምን በቂ እንዳልሆነ ስያሜው ራሱ ያስረዳታል። ያየው የባሏ ወንድም ይምጣ፤ እርሱ ይጠየቅ።

የቃላቱ ሦስተኛ ድርብርብ የመጣው ከሕግ መጻሕፍቱ ጋር ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይገመት ደነገገ። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐቱም በ1958 ዓ.ም. ወጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዣን ግራቨንና ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቋቸው ሲሆን፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐቱ ግን የእንግሊዝ ሕግ መንፈስ ጎልቶ የሚታይበት ነው። የአማርኛው ተርጓሚዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያን ሁሉ ቃል መውለድ ነበረባቸው፤ ያደረጉትንም ሥራ ከማድነቅ በቀር ሌላ ማለት አይቻልም። የማስረጃ ደንብ ለብቻው ተረቅቆ በ1959 ዓ.ም. ገደማ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም ሳይታወጅ ቀረ። በዚህም ምክንያት የማስረጃ ደንቦች በየሕጉ ተበታትነው ለዐሥርተ ዓመታት ኖሩ። ፖሊስ የተጠርጣሪውን ቃል ሲቀበል መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ እንዲነግረው፣ በማስፈራራትም ሆነ በተስፋ እንዳያናግረው፤ በችሎት ምስክር ያቀረበው ወገን መልሱን የሚያመለክት መሪ ጥያቄ እንዳይጠይቅ፤ ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ ካላቀረበ ተከሳሹ መከላከያ ሳይጠየቅ በነፃ እንዲሰናበት የሚያዙት ደንቦች በ1954ቱ ሥነ ሥርዐት ውስጥ ይገኛሉ። ፍርድ ቤቱም ባዶውን በልማድ ሞላው፤ የቋንቋው ሰው ግን አንድ ወጥ የትርጓሜ አንቀጽ አጣ።

በዚህ ዘመን ከወጡት ስያሜዎች አንዱ ዘወትር ያሳስበናል። ተከሳሽ ክሱ ከተነበበለት በኋላ የሚሰጠው መልስ «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። «አመነ» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ በአምላኩ አመነ፣ ጥፋቱን አመነ። «ካደ»ም እንደዚሁ ነው፤ ሃይማኖቱን ካደ፣ ባልንጀራውን ካደ፣ ክሱን ካደ። ስለዚህ «ተከሳሹ ክዶ ተከራክሯል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ሕጉ የሚለው መብቱን ተጠቀመ ነው፤ ቃሉ የሚለው ግን ከዳተኛ ነው። በሬ አልሰረቅሁም የሚለው የማዶ መንደር ልጅ ማስረጃ ሳይሰማበት በቃሉ ብቻ ከሓዲ ሆኖ ይቆማል። ከተከሳሹ ጋር ወደ ችሎት የመጡት አባትና አጎትም «ካደ» ሲባል ሲሰሙ አንገታቸውን ይደፋሉ። በምትኩ «ለክሱ የሚሰጥ መልስ» ቢባልና መልሱም «ጥፋተኛ ነኝ» ወይም «ጥፋተኛ አይደለሁም» ተብሎ ቢመዘገብ ምንም የሚጎድል የሕግ ፍሬ ነገር የለም።

«ግምት»ም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በሕግ ቋንቋ የሕግ ግምት ማለት ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እውነት ተደርጎ የሚወሰድ ነገር ነው። በገበያ ግን ግምት ማለት የእህልን ብዛት ሳይሰፍሩ በዐይን መወሰን ነው። ያልተማረ ተከሳሽ «ፍርድ ቤቱ ግምት ወስዷል» ሲባል ገምተው ፈረዱብኝ ቢል አይፈረድበትም። «ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት» የሚለውም በሌላው ቋንቋ ያለውን ልክ ጥሎ የቀረ ነው፤ እዚያ የተባለው ከማንኛውም ጥርጣሬ ሳይሆን አእምሮ ካለው ሰው ዘንድ ከሚነሣ፣ ምክንያት ካለው ጥርጣሬ በላይ ነው። ማናቸውም ጥርጣሬ ከተባለ ማንም ሰው ሊፈረድበት አይችልም፤ ምንም ልክ ካልተባለ ደግሞ ዳኛው እንደ ወደደ ይሆናል። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የሚሰማው «ኤግዚቢት» ግን ባዕድ ቢሆንም ማንንም አያሳስትም፤ የተያዘው በሬ ወይም ገመድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለውን ለመለወጥ መድከም አያሻም።

ወፏ ግን ከአፈርሳታ ጋር አልሞተችም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው በተደረጉት ስብሰባዎች ሰው ተሰብስቦ ጎረቤቱን «እንዲያጋልጥ» ይደረግ ነበር። «አጋለጠ» መክደኛውን አንሥቶ ማሳየት ማለት ነው፤ ያኔ ግን ሞትን የሚያስከትል ቃል ሆነ፤ «እርምጃ» የሚለው ቃልም እንዲሁ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በኋላ በደርግ ባለሥልጣኖች ላይ ክስ መሥርቶ ሙግቱ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ በማስረጃነት ከቀረቡት መካከል ፊርማና ማኅተም ያረፈባቸው ወረቀቶች ከፍ ያለ ቦታ ነበራቸው። በእነዚያ ዓመታት ጽሑፎች «ነፃ እርምጃ» ምን ማለት እንደ ነበረ ማወቅ የቋንቋ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የማስረጃ ጥያቄም ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮቹን የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት እንደሌለው ደነገገ። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠቃለል «ተጠየቅ» ነው፤ የአያቶቻችን ሙግት እንጂ የአፈርሳታ ሜዳ አይደለም። ይሁንና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የስሚ ስሚ ማስረጃን እንዲሁም ምንጩና የተገኘበት መንገድ ያልተገለጸ የደኅንነት ዘገባን ተቀባይነት ያለው ማስረጃ አደረገ። በቃላት ዐይን ሲታይ አዋጁ ያደረገው «መረጃ»ን «ማስረጃ» ብሎ መሰየም ነው። ከሽማግሌው ጆሮ ይልቅ በማኅተም ወረቀት ላይ ትምጣ እንጂ፣ ያችው ወፍ ናት። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሽሯል። በእነዚያ ዓመታት በአዋጁ የተከሰሰ ሰው «ማን አየኝ? ማን ሰማኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ ዘገባው ማስረጃ ነው የሚል ነበር።

ለወፏ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ግን፣ የገጠር ሰው ስሙን ደብቆ ለመናገር የተገደደበት ምክንያት ፍርሃት ብቻ አይደለም። በራያ በነፍስ ግድያ ጊዜ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ሥርዐት አለ። በወሎ በብዙ ቦታ አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች፣ በራያ ቆቦም ዘወልድ በሚባለው የሽማግሌዎች ሥርዐት የሚቀመጡት ሰዎች የገዳይንና የሟችን ወገኖች አቀራርበው ደሙን ያደርቃሉ። ካሣ ይቆረጣል፤ መሐላ ይፈጸማል። ከዚህ በኋላ ወልዲያ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምስክር ሲጠራ፣ አስቀድሞ ለፖሊስ «በዐይኔ አየሁ» ያለው ሰው «አላየሁም» ሊል ይችላል። በሕግ ሲታይ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ በእርሱ አስተሳሰብ ግን እውነቱን ቢናገር የማለበትን እርቅ አፍርሶ ሌላ ደም ሊያስከትል ነው።

እንዲህ ያለውን ምስክር የእንግሊዝኛው የሕግ ቋንቋ ላቀረበው ወገን ጠላት የሆነ ምስክር ብሎ ይጠራዋል። ቃል በቃል ተርጉመን «ጠላት ምስክር» ብንል በራያ ፍችው ይገለበጣል፤ ሰውየው ዝም ያለው የማንም ጠላት ላለመሆን ነውና። «ቃሉን የለወጠ ምስክር» ማለት ይሻላል፤ ምክንያቱን ሳይፈርድ የሆነውን ብቻ ይናገራልና፤ ዐቃቤ ሕግም ያን ምስክር አስቀድሞ ስለ ሰጠው ቃል ሲጠይቀው ዳኛው ምን እየተደረገ እንደ ሆነ ለታዳሚው በዚያው ቃል ሊያስረዳበት ይችላል። በመዝገበ ቃላታችን ለሚገቡት የችሎት ቃላትም፣ «መረጃ» በሚለው ሥር «ማስረጃ ተመልከት» ብሎ ማለፍ ቀርቶ፣ ሁለቱ በየራሳቸው ፍች እንዲቆሙ፤ «ወፍ» በሚለውም ሥር ከአዕዋፉ ፍች ቀጥሎ የአፈርሳታው ፍች ሁለተኛ ሆኖ እንዲገባ ሐሳብ እናቀርባለን።